ወባ ወደ ወረኢሉ ደጋ የማይወጣው በምን ሒሳብ ነው?
ስለ ሕይወት ሒሳብና ስለ ባዮኢንፎርማቲክስ ትምህርት የቀረበ ማብራሪያ

መግቢያ

የሥነ ሕይወት ተማሪ ከሒሳብ ክፍል፣ የሒሳብ ተማሪም ከሥነ ሕይወት ቤተ ሙከራ ርቆ መኖር የተለመደ ነው። ሁለቱ የሚገናኙት በመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርት ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ በየመንገዱ ይሄዳል። በሌላው ዓለም ግን እነዚህን ሁለት መንገዶች መልሰው የሚያገናኙ የድኅረ ምረቃ ትምህርቶች ከተቋቋሙ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። አንደኛው ባዮማቲማቲክስ ወይም የሕይወት ሒሳብ ይባላል፤ የሕያዋን ነገሮችን መብዛት፣ መሞትና መተላለፍ በቍጥርና በቀመር ይመረምራል። ሁለተኛው ባዮኢንፎርማቲክስ ይባላል፤ በሕያዋን ሕዋስ ውስጥ የተጻፈውን የዘር ፊደል በኮምፒዩተር አማካይነት ያነባል፣ ያመሳክራል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህ ሁለት ትምህርቶች ምን እንደ ሆኑና ለእኛ ምን እንደሚጠቅሙን በአንድ የአገራችን ምሳሌ ማስረዳት ነው። ለምሳሌ የመረጥሁት የተወለድሁበትን የወረኢሉን ደጋና ወባን ነው። አንባቢ «በወረኢሉ ወባ የለም፤ ስለሌለ ነገር ምን ይጻፋል?» ይል ይሆናል። ጥያቄው የሚነሣው ግን ከዚሁ ነው። አንድ በሽታ በአገሩ ለምን እንደሌለ በትክክል የማያውቅ ሰው፣ መቼ እንደሚመጣም ሊያውቅ አይችልም።

በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። በኢትዮጵያ አቈጣጠር የተጻፈ ሲኖር «ዓ.ም.» ተብሎ ይለያል።

ሀ. ስለ አገሩ አቀማመጥና ስለ ሕዝቡ ልማድ

ወረኢሉ በደቡብ ወሎ፣ ከደሴ በደቡብ ምዕራብ በኩል የምትገኝ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2500 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያላት ደጋ ናት። በ1888 ዓ.ም. ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ወደ ዐድዋ ሲዘምቱ ለክተት ሠራዊት መሰብሰቢያ ከተመረጡት ስፍራዎች አንዷ እንደ ነበረች የታወቀ ነው። ከወረኢሉ ወደ ምዕራብ ሲሄዱ ከላላና ወግዲ ይገኛሉ፤ ከዚያም ቦረናና ከተማዋ መካነ ሰላም ናቸው። ከመካነ ሰላም ወዲያ አምባው ተቈርጦ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል። በደቡብም በኩል የወንጪት ገደል አለ። ስለዚህ በዚህ አገር ቈላና ደጋ የሚለያዩት በብዙ ቀን መንገድ ሳይሆን በአንድ ቍልቍለት ነው። ጠዋት ገብስና ባቄላ ከሚበቅልበት ሜዳ የተነሣ ሰው ከሰዓት በኋላ ማሽላ ከሚታረስበት፣ ከ1500 ሜትር በታች ከሆነ ሙቅ ስፍራ ሊደርስ ይችላል።

ደገኛው ስለ ቈላው ያለው ጥንቃቄ የቈየ ነው። ቈላ ወርዶ ማረስ ወይም መሰብሰብ ግድ ሲሆን ቀን ሠርቶ፣ ፀሓይ ሳትጠልቅ ወደ ደጋ ተመልሶ ማደር ይመረጣል። ቈላ ያደረ ሰው «ንዳድ ይይዘዋል» ይባላል። ምክንያቱም ሲጠየቅ አንዳንዱ የቈላውን አየር፣ አንዳንዱ ውሃውን፣ ሌላውም የበቆሎ እሸት መብላትን ያመጣል።

የወባ ተሕዋሲ በትንኝ ሆድ ውስጥ እንደሚያድግ ሮናልድ ሮስ በሕንድ አገር በ1897 ከማሳየቱ በፊት ይህን ምክንያት በትክክል የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ አልነበረም። ልማዱ ግን ትክክል ነበር። በአገራችን ወባን በማስተላለፍ ዋነኛ የሆነችው አኖፌለስ አረቢየንሲስ የተባለችው ትንኝ የምትነክሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነውና፣ ከፀሓይ መጥለቅ በፊት ወደ ደጋ የወጣ ሰው ትንኟን ሳያውቅ ከትንኟ ያመልጥ ነበር።

ይሁን እንጂ ይህ ልማድ ዛሬ እንደ ድሮው አይጠብቅም። ከአማራ ደጋዎች ብዙ ወጣቶች ለሰሊጥ አረማና አጨዳ ወደ መተማና ወደ ሑመራ ይወርዳሉ፤ እዚያም ለሳምንታት በሜዳ ላይ ያድራሉ። ቍልቍለቱ የአንድ ቀን መሆኑ ቀርቶ የአንድ ወቅት ሆኗል።

ለ. የሕይወት ሒሳብ ምን እንደ ሆነ

ሮስ ትንኟን ካገኘ በኋላ በ1902 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ነገር ግን በዚያው አላቆመም፤ ወባን ለማጥፋት ትንኝን ሁሉ መጨረስ ያስፈልጋልን? ብሎ ጠየቀ። በዘመኑ የነበሩ ብዙ ሰዎች ትንኝን ሁሉ መጨረስ የማይቻል ነውና ድካሙ ከንቱ ነው ይሉ ነበር። ሮስ በ1911 ባሳተመው መጽሐፍ በሒሳብ መለሰላቸው። ትንኞች ከአንድ የተወሰነ ቍጥር በታች ከወረዱ፣ ጥቂቶች ቢቀሩም እንኳ ወባው ራሱ እየከሰመ እንደሚሄድ አሳየ።

ነገሩ በቀላሉ እንዲህ ይብራራል። አንድ የወባ በሽተኛ እስኪድን ድረስ በትንኞች በኩል በአማካይ ለሁለት ሰዎች ቢያስተላልፍ፣ አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት፣ አራቱም ስምንት እየሆኑ በዐሥረኛው ዙር 1024 አዲስ በሽተኞች ይኖራሉ። በአማካይ ለግማሽ ሰው ብቻ ቢያስተላልፍ ግን፣ ይኸውም ሁለት በሽተኞች ተጋግዘው አንድ ሰው ቢያሲዙ፣ 1000 በሽተኞች ቢኖሩ እንኳ በዐሥረኛው ዙር አዲስ የሚያዘው አንድ ሰው ብቻ ይሆናል። እንግዲህ ዕድገትንና ጥፋትን የሚለየው ቍጥር አንድ ነው። ከአንድ በላይ የሆነ ወረርሽኝ ይሆናል፤ ከአንድ በታች የሆነ ይጠፋል።

ይህን ቍጥር የሚወስኑት ምን ምን ናቸው? ሮስ፣ ከእርሱም በኋላ በ1957 መጽሐፉን ያሳተመው ጆርጅ ማክዶናልድ እነዚህን ዘርዝረዋል። ለአንድ ሰው ስንት ትንኝ ይደርሰዋል? ትንኟ በየስንት ቀኑ ሰው ትነክሳለች? ትንኟ ከቀን ወደ ቀን የመኖር ዕድሏ ስንት ነው? ተሕዋሲውስ በሆዷ ውስጥ ለመብሰል ስንት ቀን ይፈጅበታል? በሽተኛውስ ለመዳን ስንት ቀን ይወስዳል?

ከነዚህ ውስጥ ሁለቱ ልዩ ጠባይ አላቸው። የመጀመሪያው ንክሻ ነው። ትንኟ ወባን ለማስተላለፍ ሁለት ጊዜ መንከስ አለባት፤ አንድ ጊዜ ከበሽተኛ ለመውሰድ፣ አንድ ጊዜ ለጤነኛ ለመስጠት። ስለዚህ ንክሻ በግማሽ ቢቀነስ መተላለፉ የሚቀነሰው በግማሽ ሳይሆን ወደ ሩብ ነው። አጎበር ከሚታሰበው በላይ የሚጠቅመው ከዚህ የተነሣ ነው።

ሁለተኛው የሙቀት ነገር ነው፤ የወረኢሉም ምስጢር ያለው እዚህ ላይ ነው። ፕላስሞዲየም ፋልሲፓረም የተባለው ገዳዩ የወባ ዐይነት በትንኝ ሆድ ውስጥ ለመብሰል የተወሰነ የሙቀት ድምር ያስፈልገዋል። ሊቃውንቱ የሚጠቀሙበት ቀመር እንዲህ ይላል፦ ከአየሩ አማካይ ሙቀት 16 ዲግሪን ቀንስ፤ በቀረውም 111ን አካፍል፤ የምታገኘው የቀኑን ብዛት ነው።

አየሩ በአማካይ 24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ተሕዋሲው በ14 ቀን ያህል ይበስላል። 20 ዲግሪ ሲሆን 28 ቀን ይፈጃል። 18 ዲግሪ ሲሆን 56 ቀን ይሆናል። 16 ዲግሪ ላይ ግን ለዘለዓለም አይበስልም።

አሁን ትንኟን እንመልከት። ለምሳሌ ያህል ከ10 ትንኞች 9ኙ እስከ ማግሥቱ ይኖራሉ እንበል። 1000 ትንኞች ዛሬ ከበሽተኛ ደም ቢጠጡ፣ ተሕዋሲው እስኪበስል ድረስ በሕይወት የሚቈዩት በ24 ዲግሪ 229 ያህል፣ በ20 ዲግሪ 52፣ በ18 ዲግሪ 3 ብቻ ናቸው። ትንኞቹ ቢኖሩም ተሕዋሲው ሳይበስል ያረጁና ይሞታሉ። ማክዶናልድ ከሁሉ ይልቅ የትንኟን ዕድሜ ማሳጠር ይጠቅማል ብሎ የተከራከረው ይህን በማየት ነው። በቤት ግድግዳ ላይ የሚረጨው መድኃኒት ትንኝን ሁሉ ባይጨርስ እንኳ ከ10 ውስጥ የሚተርፉትን ከ9 ወደ 7 ቢያወርዳቸው፣ በ14ኛው ቀን ከ1000 ውስጥ የሚቀሩት 7 ያህል ብቻ ይሆናሉ።

ወደ አምባው ስንወጣ በየ100 ሜትሩ ሙቀቱ በ0.65 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ወረኢሉንና መካነ ሰላምን የሚጠብቃቸው እንግዲህ ይህ ማካፈልና ማባዛት ነው። ከላይ ያለውን ስሌት ያስተዋለ ሰው ግን አንድ የሚያስፈራ ነገር አብሮ ያያል። ከ18 ወደ 20 ዲግሪ ለውጡ ሁለት ዲግሪ ብቻ ሲሆን፣ አደገኞቹ ትንኞች ግን ከ3 ወደ 52 ወጡ፤ ይኸውም ከ17 እጅ በላይ ነው። ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ በጨመረ ጊዜ የወባው ድንበር 150 ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል ማለት ነው። ድንበሩ በድንጋይ የተተከለ ሳይሆን ከዓመት ወደ ዓመት የሚንቀሳቀስ ነው።

ሐ. ድንበሩ የተንቀሳቀሰበት ዓመት

ይህ ነገር ግምት ብቻ አይደለም። በ1958 ከሰኔ እስከ ታኅሣሥ፣ በእኛ አቈጣጠር 1950 ዓ.ም. አልቆ 1951 ዓ.ም. ሲጀምር፣ በኢትዮጵያ ደጋማ አገሮች ታላቅ የወባ ወረርሽኝ ተነሣ። ዝናቡ ከተለመደው በላይ ነበር፤ ሙቀቱና የአየሩ እርጥበትም እንዲሁ። በሽታው በተለይ ከ1600 እስከ 2150 ሜትር ባለው ከፍታ፣ ከ250000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ምድር ተሠራጨ። በኋላ በተደረገው ግምት 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታመመ፤ 150000 ያህል ሰው ሞተ። የወባ ማጥፊያ መሥሪያ ቤት በ1959 የተቋቋመው ከዚህ ጥፋት በኋላ ነበር።

ያን ያህል ሰው ያለቀበትን ምክንያትም የሕይወት ሒሳብ ያስረዳል። በቈላ የሚኖር ሰው በልጅነቱ ደጋግሞ ከታመመና ከተረፈ በሰውነቱ ውስጥ ጥቂት መከላከያ ያበጃል። የደጋው ሰው ግን ወባን አያውቃትምና፣ አንድ ጊዜ ስትደርስበት ሕፃኑም ጎልማሳውም እኩል ይወድቃሉ። አደጋው ከፍ የሚለው በሽታው ዘወትር ባለበት ስፍራ ብቻ ሳይሆን፣ አልፎ አልፎ በሚደርስበት የድንበር አገርም ነው።

አሚር ሲራጅና የሥራ ጓደኞቹ በ2014 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ በደብረ ዘይት አካባቢና በኮሎምቢያ ደጋዎች ለብዙ ዓመታት የተመዘገቡትን የወባ በሽተኞች ከከፍታና ከሙቀት ጋር አነጻጽረዋል። ያገኙትም ሞቃት በሆነው ዓመት የበሽተኞቹ ስፍራ ወደ ላይ ከፍ እንደሚል፣ በቀዝቃዛው ዓመትም ወደ ታች እንደሚመለስ ነው። በወረቀት ላይ የተሠራው ማካፈል በተራራ ላይ ታየ ማለት ነው።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ለእኛ ቀላል አይደለም። በአገራችን ለረጅም ጊዜ ከ2000 ሜትር በታች ያለው ምድር «የወባ አገር»፣ ከዚያ በላይ ያለው ግን በአብዛኛው ከወባ ነጻ የሆነ እየተባለ ሲቈጠር ኖሯል። አጎበርና መድኃኒት ይታደል የነበረውም ይህን መስመር ተከትሎ ነበር። መስመሩ ለሥራ አመቺ ነው፤ ትንኟ ግን መስመሩን አታውቀውም።

መ. የሕዝብ ወሬ በቍጥር ሲመዘን

ከላይ ንዳድን የበቆሎ እሸት ያመጣዋል የሚል እንዳለ ጠቅሻለሁ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት በተማርሁበት ጊዜ ይህ ለባዕድ እምነት ምሳሌ ሆኖ ሲጠቀስ እሰማ ነበር። ነገር ግን ነገሩን በመሳቅ ፈንታ የቈጠሩት ተመራማሪዎች ሌላ ነገር አገኙ።

በመጀመሪያ የአኖፌለስ አረቢየንሲስ ዕጮች በውሃ ውስጥ የበቆሎ አበባ ብናኝ ሲመገቡ ፈጥነው እንደሚያድጉና ትልልቅ ትንኞች እንደሚሆኑ በኢትዮጵያ በተደረገ ሙከራ ታየ። ከዚያም ከዓባይ ማዶ፣ በምዕራብ ጐጃም በቡሬ ወረዳ መንደሮችን እንደ በቆሎአቸው ብዛት ለይተው የወባ በሽተኞችን ቈጠሩ። በ2005 የታተመው ጥናት እንደሚያሳየው በቆሎ በብዛት በሚዘራባቸው መንደሮች የወባው መጠን በቆሎ ጥቂት ከሆነባቸው 9.5 እጅ ይበልጥ ነበር።

ገበሬው እሸቱን በመብላቱ አልታመመም። ነገር ግን በቆሎውና ንዳዱ አብረው እንደሚመጡ በትክክል አስተውሎ ነበር። ከዚህ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛው፣ የሕዝብን አስተያየት ሳይመዝኑ መጣል እንደማይገባ ነው። ሁለተኛው፣ ሳይመዝኑ መቀበልም እንደማይበቃ ነው። ሚዛኑ ቍጥር ነው።

ከሒሳብ ጋር በተያያዘ አንድ ነገር ልጨምር። ሊቃውንቶቻችን በባሕረ ሐሳብ ከወንበርና ከአበቅቴ ተነሥተው የዓመቱን አጽዋማትና በዓላት ሁሉ ያወጣሉ። ከጥቂት ቍጥር ብዙ ነገር ማወቅ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ልዩነቱ ግን የጨረቃ ዑደት የማይናወጥ ሲሆን፣ የትንኝና የሰው ኑሮ በዝናብ፣ በገበያ፣ በጦርነት ይናወጣል። የሕይወት ሒሳብ ያቀረበው አምሳያ (ሞዴል) ስለዚህ «ይህ ይሆናል» አይልም፤ «ይህ ቢሆን ይህ ሊከተል ይችላል፤ ዕድሉም ይህን ያህል ነው» ይላል። አምሳያውም ሁልጊዜ ከእውነተኛው ነገር ጋር መመሳከር አለበት። ለምሳሌ ከላይ ያለው ስሌት የውጭውን አየር ሙቀት ይዞ የተሠራ ነው፤ ትንኟ ግን ደም ከጠጣች በኋላ ብዙ ጊዜ የምታርፈው እሳት በሚነድበት ጐጆ ግድግዳ ላይ ነው። የጐጆው ውስጥ ከውጭው ይሞቃልና ድንበሩ ከታሰበው በላይ ከፍ ሊል ይችላል።

ሠ. ባዮኢንፎርማቲክስ ምን እንደ ሆነ

እስካሁን የተናገርነው ስለ ብዛት ነው። ብዛት ግን ማንነትን አይነግረንም። አንድ ሰው በመካነ ሰላም ወባ ቢገኝበት፣ ተሕዋሲው ከዓባይ ሸለቆ የመጣ ነው ወይስ ከመተማ? ለመድኃኒቱስ ይታዘዛል ወይስ አይታዘዝም? ለዚህ መልስ የሚሰጠው የዘሩ ፊደል ነው።

የሕያዋን ሁሉ ዘር ዲኤንኤ በተባለው ረጅም ክር ላይ በአራት ፊደላት ብቻ ተጽፏል፤ እነርሱም አዴኒን፣ ታይሚን፣ ጓኒንና ሳይቶሲን የተባሉት ናቸው። የፋልሲፓረም ሙሉ ጽሑፍ በ2002 ተነብቦ ታትሟል፤ በ14 ክሮሞሶሞች ላይ የሰፈረ 23 ሚሊዮን ያህል ፊደል፣ ከ5000 የሚበልጡም ጂኖች አሉት። ይህን ሰው በዐይኑ አንብቦ ሊጨርሰው አይችልምና የኮምፒዩተር ሥራ ሆነ።

የሥራውን ጠባይ ለመረዳት የወሎን ብራናዎችና ኪታቦች ማሰብ ይበቃል። አንድን መጽሐፍ የገዳም ጸሓፊ ወይም የሐሪማ ደረሳ ሲገለብጥ አንዳንድ ጊዜ ፊደል ይስታል፤ መሥመርም ይዘልላል። ከዚያ ቅጂ የሚገለብጠው ሌላው ያንኑ ስሕተት ይወርሳል፤ የራሱንም ይጨምርበታል። ብዙ ቅጂዎችን ጎን ለጎን አድርጎ የሚያመሳክር ሊቅ፣ አንድ ዐይነት ስሕተት ያለባቸው ከአንድ አባት መጽሐፍ የወጡ መሆናቸውን ያውቃል። ባዮኢንፎርማቲክስም ከሞላ ጎደል ይህንኑ ያደርጋል። ተሕዋሲው በተባዛ ቍጥር ዘሩን ይገለብጣል፤ ሲገለብጥም ይስታል። የስሕተቱን ዝምድና በመከተል የትኛው ከየት እንደ መጣ ይታወቃል።

በአገራችን ከታዩት ምሳሌዎች ሁለቱን አቀርባለሁ።

የመጀመሪያው ስለ ምርመራ ነው። ማይክሮስኮፕ በሌለበት ጤና ኬላ ወባ የሚመረመረው ከጣት በሚወሰድ ደም ጠብታ፣ በትንሽ መመርመሪያ ነው። ይህ መመርመሪያ የፋልሲፓረም ወባን ያውቅ የነበረው ኤች.አር.ፒ.2 የተባለውን ፕሮቲን በመፈለግ ነበር። በ2017 እና በ2018 በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ የድንበር ወረዳዎች ከ12572 ሰዎች ጋር የተደረገው ጥናት በ2021 ሲታተም፣ ይህን ፕሮቲን የሚሠራው ጂን ከብዙ ተሕዋስያን ላይ ጠፍቶ መገኘቱን ገለጸ። ከዚህ የተነሣ ከፋልሲፓረም በሽተኞች 9.7 በመቶ ያህሉ በዚያ መመርመሪያ «ወባ የለብህም» ተብለው ሊሰናበቱ እንደሚችሉ ተገመተ። ተሕዋሲው መሥመር ዘልሎ ተገለበጠ፤ የተዘለለውም መሥመር እኛ እርሱን የምናውቅበት ነበር። በመመርመሪያ የተገኘ ሰው ሲታከም፣ ያልተገኘው ተሕዋሲ ሳይነካ ስለሚቀር ዘሩ እየበዛ ይሄዳል። ይህን ነገር በማይክሮስኮፕ የሚያይ ሰው አይደርስበትም፤ የሚታየው በፊደሉ ውስጥ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ስለ ትንኝ ነው። በ2016 በሶማሌ ክልል በቀብሪ ደሃር የተያዙ ትንኞች ዘራቸው ሲነበብ አኖፌለስ ስቴፈንሲ ሆነው ተገኙ። ይህች ትንኝ የእስያ ናት፤ በአፍሪካ በኩል ቀድሞ በጅቡቲ በ2012 ታይታ ነበር። ከአገራችን ትንኞች የምትለየው በከተማ የውሃ ማጠራቀሚያዎች ውስጥ መራባት በመቻሏ ነው። በ2022 በድሬዳዋ በደረቁ ወራት የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ከእርሷ ጋር የተያያዘ እንደ ነበር በጥናት ተረጋግጧል። በዝናብ ወራት ትመጣለች ተብላ የምትጠበቀው ወባ ያለ ዝናብ መጣች። በርሜልና ሮቶ ባለበት ከተማ ሁሉ ይህ ነገር ሊታሰብበት ይገባል።

ረ. ስለ ድኅረ ምረቃው ትምህርት

እንግዲህ በዚህ ትምህርት ለማስተርስ ወይም ለዶክትሬት የሚዘጋጅ ሰው ምን ይማራል? ከሒሳብ በኩል ካልኩለስን፣ ዲፈረንሻል እኩልታዎችን፣ ሊኒየር አልጀብራንና የዕድል ሒሳብን፤ ከስታቲስቲክስ በኩል ጥቂት መረጃን ይዞ ስለ ብዙው መፍረድን፤ ከኮምፒዩተር በኩል እንደ ፓይተንና አር ባሉ ቋንቋዎች ትእዛዝ መጻፍን፤ ከሥነ ሕይወት በኩል የዘር ትምህርትን፣ ሥነ ምኅዳርንና የበሽታ ሥርጭትን ይማራል። ይህን ሁሉ እኩል አጥብቆ የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ ትምህርቱ የሚፈልገው የሒሳብ ተማሪ ትንኝ እንዲይዝ፣ የሥነ ሕይወት ተማሪም ቀመር እንዳይፈራ፣ ሁለቱም አንድ ጠረጴዛ ላይ እንዲነጋገሩ ነው።

በአገራችን የድኅረ ምረቃ ትምህርት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከተጀመረ ብዙ ዓመት ሆኖታል። በስመ ጥሩው ሳይንቲስት የተሰየመው የአክሊሉ ለማ የሥነ ደዌ ጥናት ተቋምና የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም በበሽታ ጥናት የቈየ ልምድ አላቸው። በእኛም አውራጃ ደሴ የወሎ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲም በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ግቢዎቹ ያስተምራል። ከመካነ ሰላም ግቢ እስከ ዓባይ ያለው ቍልቍለት በራሱ ቤተ ሙከራ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል። ሌላው አገር በብዙ ገንዘብ ሊያገኘው የማይችለውን የሙቀት መሰላል እኛ በእግር የምንወርደው ነው።

በዚህ መሰላል ላይ ለድኅረ ምረቃ ሥራ የሚበቁ ሦስት ጥያቄዎችን ለውይይት አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ከመካነ ሰላም እስከ ዓባይ በየ100 ሜትሩ ከፍታ፣ በጐጆ ውስጥና በውጭ ሙቀቱን ዓመቱን ሙሉ መመዝገብ፤ ከዚያም የወባው ድንበር በየወሩ የት እንደሚደርስ ማስላት። ለዚህ የሚያስፈልገው ቴርሞሜትርና ትዕግሥት ነው።

ሁለተኛ፣ ከሰሊጥ እርሻ የሚመለሱ ሠራተኞች የሚመለሱበትን ወርና በየጤና ኬላው መዝገብ ላይ የሚገኘውን ትኵሳት ማነጻጸር። በደጋ ትኵሳት ሲታይ አስቀድሞ የሚታሰበው ተስቦ ወይም ግርሻ ነው። ፕላስሞዲየም ቫይቫክስ የተባለው የወባ ዐይነት ደግሞ በጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ሊያገረሽ ይችላል። በኅዳር ከቈላ የተመለሰ ሰው በግንቦት ቢታመም፣ ሕመሙን ከቈላው ጋር የሚያያይዘው ማን ነው? መዝገቡ በሒሳብ ቢመረመር ሊያያይዘው ይችላል።

ሦስተኛ፣ ከእነዚሁ በሽተኞች በፈቃዳቸው ጥቂት ደም በማጣሪያ ወረቀት ላይ አድርቆ የተሕዋሲውን ፊደል ማስነበብ፤ ከየት እንደ መጣና የመመርመሪያው ጂን እንዳለው ወይም እንደሌለው ማወቅ።

ከሁሉ የሚከብደው መሣሪያው አይደለም። ቀድሞ የተነበቡ የብዙ ሺህ ተሕዋስያን ጽሑፎች ለተመራማሪ ሁሉ በነጻ ክፍት ናቸው፤ ዋነኞቹ የማስሊያ ፕሮግራሞችም እንዲሁ። የሚከብደው መዝገቡ ነው። አምሳያው የቱንም ያህል ቢራቀቅ የሚመገበው በጤና ኬላ ያለችው ሠራተኛ የጻፈችውን ነው። በ2021 ጦርነቱ ወሎ ሲደርስ ብዙ የጤና ድርጅቶች ተዘርፈዋል። መዝገብ ሲጠፋ የአንድ መንደር የበሽታ ታሪክ አብሮ ይጠፋል፤ የጠፋውንም ቍጥር ቀመር አይመልሰውም።

መደምደሚያ

ይህ ሁሉ የትምህርት ክርክር ብቻ እንዳይመስል የቅርቡን ቍጥር ማስታወስ ይበቃል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገለጸው በኢትዮጵያ በ2023 ዓመቱን ሙሉ 4.1 ሚሊዮን የወባ በሽተኞች ተመዝግበው ነበር። በ2024 ግን ከጥር 1 እስከ ጥቅምት 20 ባለው ጊዜ ብቻ ቍጥሩ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሆነ፤ 1157 ሰዎችም ሞቱ። ብዙ በሽተኛ ከተመዘገበባቸው ክልሎች አንዱ የአማራ ክልል ነው።

የወረኢሉ ሰው ከወባ የተጠበቀው በተፈጥሮ ሙቀትና በአባቶቹ ጥንቃቄ ነው። ሙቀቱ እየተለወጠ ነው፤ ጥንቃቄውንም የኑሮ ችግር እያፈረሰው ነው። በነዚህ በሁለቱ ፈንታ ሦስተኛ ጠባቂ ማቆም የእኛ የተማሪዎች ዕዳ ነው። እርሱም የሚቈጥርና የሚያነብ ዕውቀት ነው። ድንበሩ በየዓመቱ የት እንደ ደረሰ የሚያሰላ፣ ወደ ደጋው የወጣውም ተሕዋሲ ማን እንደ ሆነ ከፊደሉ የሚለይ ሰው በአገሩ ላይ ካለ፣ አጎበሩና መድኃኒቱ በሽታው ከመድረሱ በፊት ሊደርስ ይችላል። ከሌለ ግን በ1951 ዓ.ም. እንደ ሆነው ቍጥሩ የሚታወቀው ከቀብር በኋላ ነው።

ስለዚህ የሥነ ሕይወትና የሒሳብ ክፍሎች መምህራን በአንድነት የሚመሩት አንድ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቢታሰብበት፣ ተማሪዎችም ከወዲሁ በየክረምቱ ዕረፍት በየአገራቸው ካለው ጤና ኬላ መዝገብ ቢጀምሩ መልካም ይሆናል እላለሁ። ከላይ በቀረቡት ስሌቶችም ሆነ በሦስቱ ጥያቄዎች ላይ መምህራንና ጓደኞቼ የሚሰጡትን ሐሳብ በደስታ እቀበላለሁ።